የኤርኪ ቀኝ ትከሻ

ባንዲን ለማታውቁት፣ የእግር ኳስ ሜዳ በሚያክል በረዶ ላይ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነው ትንሽ ኳስ በዱላ የሚያሳድዱበት ጨዋታ ነው። ዱላ የሌለው በረኛው ብቻ ነው፤ በእጁ ይይዛል፣ በእጁ ይወረውራል።

ኤርኪ በረኛ ነው። ፊንላንድ፣ ኦውሉ ከተማ በስምንት ዓመቱ ጀምሮ በእነዚያ እጆቹ ስም አተረፈ፤ ለአገሩም ተሰለፈ። ኋላ የሚኒሶታ ልጅ አግብቶ አሜሪካ መጣ። አሁን አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። በአዘቦት ቀን ብሉሚንግተን የሆቴል እንግዶች ማመላለሻ ሻትል ድራይቭ ያደርጋል፣ ቅዳሜ ሮዝቪል ለባንዲ ቡድኑ በር ይጠብቃል።

ከገና ወዲህ ግን ቀኝ ትከሻው አልታዘዝ ብሎታል። ለማንም አልተናገረም። ቢናገር በሩን ይወስዱበታል፤ ያለ በሩ ደግሞ ማን እንደሚሆን አያውቀውም።

አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረባው አለልኝ ሊያየው መጣ። አለልኝም በወጣትነቱ አዲስ አበባ የቀበሌ ቡድን በረኛ ነበር። ብርዱ አፍንጫውን እየቆነጠጠው እስከ መጨረሻው ቆመ። የኤርኪ ቡድን አሸነፈ፤ ሰዉ ሁሉ "ሽማግሌው እንዴት የተረጋጋ ነው!" አለ።

ሰኞ ሻትሉን ሲያጥቡ አለልኝ ጀመረ፦

"አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርገሃቸው ነው ዱላ የከለከሉህ?"

ኤርኪ ሳቀ።

"ቆይ፣ አትሳቅ። ኳስ በያዝክ ቁጥር ለቅርቡ ተከላካይ ነው የምትሰጠው። ያ ረጅሙ አጥቂያችሁ ቀኝ ክንፍ ላይ ብቻውን ቆሞ እጁን እያወጣ ስንት ጊዜ ጠራህ!"

"ታክቲክ ነው።"

"ለበረኛ ታክቲክ ታወራለህ? እኔም የጉልበቴን ሕመም ደብቄ አንድ ዓመት በር ላይ ቆሜያለሁ። ቡድናችን የወረደው በእኔ ነው። እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።"

ኤርኪ ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ለቀቀው።

"ቅዳሜ የፍጻሜ ጨዋታ ነው" አለ።

"አውቃለሁ። አይዞህ።"

ይቺን የአማርኛ ቃል ኤርኪ ያውቃታል፤ መንገዱ በበረዶ በተዘጋ ቁጥር አለልኝ የሚላት ናት።

ቅዳሜ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ደርሶ የትከሻውን ነገር ለአሠልጣኙ ተናገረ። ጓንቱን በኪሱ ከቶ አለልኝ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ።

በአምስተኛው ደቂቃ ተተኪው በረኛ ጎል ገባበት።

"እኔ ብሆን እይዛት ነበር" አለ ኤርኪ።

"ትይዛት ነበር። ከዚያስ?"



ትንሽ ቆይቶ ተተኪው ሌላ ኳስ ያዘና፣ ቀና ብሎ አይቶ፣ ሜዳውን አሻግሮ ወረወራት። ረጅሙ ብቻውን ነበር። ሲቀበላት ኤርኪ ሳያውቀው ብድግ ብሎ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ሰነዘረ፤ ትከሻው ወጋውና እጁ ግማሽ ላይ ቀረ።

አለልኝ አየው። የኤርኪን ግራ እጅ ያዘና ወደ ላይ አነሳለት።