አባዬ ሲነሳ የሚወርደው ብሬከር

አሁንም ወረደ፣ ጠቅ፣ ከዚያ የአባዬ የኦክስጂን ማሽን ይጮሃል፣ ወንድሜ ከሳሎን፣ ሚጣ፣ መጠባበቂያ ሲሊንደሩን ክፈችው! ከፍቼዋለሁ፣ ከፍቼዋለሁ እኮ፣ ቱቦውን አዙሬዋለሁ፣ አባዬ፣ ትተነፍሳለህ? መተንፈስማ እተነፍሳለሁ፣ ያነቀኝ የእናንተ ጩኸት ነው ይላል፣ የድሮ ሹፌር፣ ሳንባው ጡረታ ቢወጣም አፉ ገና ሥራ ላይ ነው።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ እኮ። የሰው ቤት ስገባ እንዲህ አይደለሁም፣ የባለቤቶቹን ወሬ እየሰማሁ፣ እየሳቅሁ፣ ብልሽቱን አገኘዋለሁ፣ የአባት ቤት ሲሆን ግን የምታውቂው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል።

ረጋ በይ፣ አስቢ፣ ይሄ የቤቱን መስመር ሁሉ የሚይዘው ዋና ብሬከር ጭነት ሲበዛ የሚወርደው ዓይነት አይደለም፣ የሄደው ኤሌክትሪክና የተመለሰው እኩል ካልሆኑ ነው የሚያጠፋው፣ መንገድ ላይ ወደ መሬት ሾልኳል ማለት ነው፣ በተበላሸ ዕቃ፣ በእርጥበት፣ በሰው። በሰው የሚለውን ለጊዜው ተይው። አንዳንዴ ደግሞ በረባ ባልረባው ይወርዳል፣ ከየዕቃው ጥቂት ጥቂት ሾልኮ ሲደማመር፣ ወይ ራሱ ሲያረጅ፣ ወንድሜ የያዘው ይሄንን ነው፣ አርጅቷል አልኩሽ፣ ዝለይውና በቀጥታ አገናኚው፣ አባታችን ትንፋሽ እያጠረው አንቺ ትፈላሰፊያለሽ? ታላቄ ነው፣ ሲፈራ ይቆጣል፣ አባዬ ባለፈው ሳምንት ሽንት ቤት በር ላይ ከወደቀ ወዲህ ሲፈራ ነው የከረመው።

የሲሊንደሩ መርፌ ወደ ቀዩ እየተጠጋ ነው። ቢያልቅስ? ማን ያመጣልናል፣ ከየት፣ አንዲት ሽቦ ብቻ ናት፣ ቆርጫታለሁ፣ ጫፏን ልጫታለሁ፣ እዚህ ኪሴ ውስጥ ናት፣ እዘለዋለሁ፣ ማሽኑ አይቆምም፣ ሁሉም ያርፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንዴ ብቻ ልሞክር፣ አንዴ፣ ሁሉንም ንቀል እለዋለሁ፣ ፍሪጁን፣ ልብስ ማጠቢያውን፣ ምድጃውን፣ የውሃ ማሞቂያውን አጥፋው፣ እያጉረመረመ ይነቅላል፣ ብሬከሩን እመልሳለሁ። ያዘ። ማሽኑ ተነሳ፣ ቱቦውን መልሱለት። ፍሪጁን ሰካው፣ ያዘ። ልብስ ማጠቢያውን፣ ያዘ። ማሞቂያውን፣ ጥርሴን ነክሼ እጠብቃለሁ፣ ያዘ፣ ምድጃውም ያዘ። ሁሉም ንጹሕ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ፣ ወንድሜ አላልኩሽም? ብሬከሩ ነው፣ ዝለይው፣ ምናልባት እውነቱን ነው፣ ምናልባት እኔ ነኝ ግትር፣ እጄ ኪሴ ውስጥ ገብቷል።

እስቲ አንዴ ወጣ ልበል ይላል አባዬ፣ ቱቦውን እየጎተተ ወደ ሽንት ቤት፣ በባዶ እግሩ፣ እግሩ ስላበጠ ጫማ አይገባለትም።

ጠቅ።

ሲሊንደሩን! ወንድሜ ይሮጣል፣ እኔ ግን ደርቄ ቀርቻለሁ፣ ማንም ምንም አልሰካም፣ ማንም ምንም አላበራም፣ የተነሳው አባዬ ብቻ ነው። ጠዋት ሲወርድ የት ነበር? ተነስቶ ነበር። ምሳ ላይስ? ተነስቶ ነበር። ቅድምስ? የመተላለፊያው ወለል እርጥብ ነው፣ አባዬ ግድግዳው ሥር ቆሞ ጣቶቹን ያራግፋል፣ የፈላ ነገር እንደነካ ሰው።

አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ይነዝርሃል?

ትንሽ፣ ይላል፣ ትንሽ ብቻ፣ ነርቭ መስሎኝ ነው፣ በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ በሽታ ልጨምርባችሁ?

ፈጣሪዬ። ወንበር ላይ አስቀምጡት፣ ማንም ግድግዳውን እንዳይነካ፣ ብሬከሩን እመልሳለሁ፣ ቴስተሩን ግድግዳው ላይ ያለው የመያዣ ብረት ላይ አደርጋለሁ፣ አባዬ እንዳይወድቅ ወንድሜ ባለፈው መሰርሰሪያ ተውሶ ራሱ ያሰረው ብረት፣ የቴስተሩ ትንሽ መብራት ቦግ ትላለች። ብረቱ ኤሌክትሪክ ይዟል። አንዱ ቡሎን ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ በስቶታል፣ አባዬ በያዘው ቁጥር በአባዬ በኩል ወደ መሬት ይሾልካል፣ ብሬከሩ አላረጀም፣ አልተበላሸም፣ አባቴን ከሞት አፍ ሲመልስ ነው የዋለው፣ እኔ ደግሞ ልዘለው፣ ሽቦዋን ልጬ፣ ኪሴ ውስጥ።

የዚያን ግድግዳ መስመር ትንሿን ብሬከር አወርዳለሁ፣ ሽቦዎቹን ከብሬከሮቹ ሳጥን እፈታለሁ፣ ደግሜ ብረቱን እፈትሻለሁ፣ አይበራም፣ አንዴ ደግሞ፣ አይበራም። ማሽኑ በሌላ መስመር ላይ ነው፣ ይሠራል። አባዬ እጅጌዬን ይስባል፣ ሚጣዬ፣ በሱ ብረት ነው እንዳትይው፣ በኔ ሞት፣ ልቡ ይሰበራል። በኔ ሞት ይላል ደግሞ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ! ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው? ቤቱ ድሮ ነው፣ ሽቦው አርጅቶ ነው ልበለው? ያምነኛል፣ ዝለይው ያለኝንም ይረሳዋል፣ ነገ ሌላ ግድግዳ ይሰረስራል፣ ነገ የገዛ ልጆቹ ክፍል ውስጥ መደርደሪያ ያስራል።

ጋሽዬ፣ እለዋለሁ ወንድሜን፣ ቡሎንህ ሽቦውን በስቶታል።

አይገባውም፣ ከዚያ ይገባዋል። ፊቱ አመድ ይመስላል። እኔ? ይላል፣ እኔ ነኝ? ዝለይው ያልኩሽም? መዳፉን ያያል፣ እኔም ልጬ ነበር እለዋለሁ፣ ሽቦዋን አውጥቼ አሳየዋለሁ፣ ያያትና ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ይላል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እዚያው እንዳይቀር እፈራለሁ፣ አባዬ እንዳይደነግጥ እፈራለሁ፣ ሁሉንም እፈራለሁ።

እናንተ ልጆች፣ ይላል አባዬ ከወንበሩ፣ ለቅሶው ይደርሳል፣ እኔ ሽንቴ መጥቷል፣ ብረቱን ከከለከላችሁኝ ምኑን ይዤ ልሂድ?

ወንድሜ ይነሳል። ፊቱን በክንዱ ይጠርጋል፣ ያንኑ ክንድ ለአባዬ ይሰጠዋል፣ አባዬ መጀመሪያ በጣቱ ጫፍ ነካ ያደርገዋል፣ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በሙሉ እጁ ይይዘዋል፣ ይሄዳሉ፣ እኔ ከኋላ ቱቦውን እሰበስባለሁ፣ ጆሮዬ ሳጥኑ ላይ ነው፣ በሩ ጋ ደረሱ፣ ገቡ፣ ማሽኑ ይተነፍሳል፣ ይተነፍሳል።