ሠላሳ ዓመት የተነፋበት መንፊያ

ትኬት ቆራጯ ክላርኔት መማር ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። እስካሁን ያወጣችው ግን የታነቀ ዝይ ድምፅ ብቻ ነው፤ ጎረቤቶቿ መስኮት መዝጋት ሰልችቷቸው በሬዲዮ መበቀል ጀምረዋል። የሙዚቃ ክበቡ አስተማሪ ቁርጡን ነግሯታል። ቅዳሜ አንዲት ጥርት ያለች ድምፅ አውጥታ አሥር እስኪቆጠር ካልዘለቀች፣ የክበቡ ክላርኔት ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል።

ሐሙስ ከሥራ እንደወጣች ክላርኔቱን ታቅፋ መሣሪያ ጠጋኙ ዘንድ ሄደች። አጎቷም አብረዋት መጡ፤ ሳይጠሩ መምጣት ያውቁበታል።

ጠጋኙ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ፣ በአፍ የሚያዘውን የክላርኔቱን መንፊያ ነቀለና ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው።

«ይሄን ማነው የሰጠሽ?»

«እኔ ነኛ!» አሉ አጎቷ ደረታቸውን ነፍተው። ባንድ ውስጥ ሲነፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። «ሠላሳ ዓመት የነፋሁበት ነው። እሷ ሆና ነው እንጂ ለማንም አልሰጥም!»

«እሱማ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ለነፋ ሰው ነው የሚሆነው። ይዩት እስቲ፣ በጫፉና ድምፅ በምታወጣው ቀጭን ሸምበቆ መካከል ያለው ክፍተት በር ያህላል። የጀማሪ ከንፈር ይሄን ከየት አባቱ ይችለዋል?»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱ የራሷ መስሏት ነበር። አጎቷን ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ።

ጠጋኙ ከመሳቢያው ክፍተቱ ጠበብ ያለ የፕላስቲክ መንፊያ አውጥቶ ሳሳ ያለች ሸምበቆ አሰረበት።

«ፕላስቲክ?» አሉ አጎቷ። «የሕፃን መጫወቻ! ድምፁን ከኔው ካልለየሁት ጆሮዬ ይቆረጥ!»

«እንግዲያው ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩ።»

አጎቷ ዞሩ። ጠጋኙ ልጅቷን ጠቀሳትና የፕላስቲኩን ገጥሞ ክላርኔቱን ሰጣት። ነፋች። ክብ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ ሱቁን ሞላው፤ ራሷም ደነገጠች።

«ይኸው! የኔ ነው!» ብለው ጮኹ አጎቷ ለግድግዳው። «አንተም አነፋፉን ታውቅበታለህ፣ አይካድም!»

ዞር ሲሉ ክላርኔቱ ከልጅቷ አፍ ላይ ነው፤ የሳቸው መንፊያ ጠጋኙ መዳፍ ላይ ተጋድሟል።

«ጋሼ፣ የትኛው ጆሮ ይቆረጥ?» አለ ጠጋኙ።

አጎቷ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ሰባት ነው የደረስሽው፤ ቆጥሬያለሁ። አሥር ነው የተባልሽው። ድገሚ!»

መንፊያቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። «ይሄ ይቀመጥልሻል። ሠላሳ ዓመት ስትነፊ…»

«ሠላሳ ዓመት ማን ይጠብቃል?» አለች። «ሁለት ይበቃል።»

ቅዳሜ አስተማሪው አሥር ብሎ ሲያበቃ እሷ ገና እየነፋች ነበር። ከበሩ በኩል አንድ ማንም ያልጠራቸው ሰው «አሥራ አንድ!» አሉ።