እንግዳው እስኪገባ ሙዚቃ አይቋረጥ

በወረቀቱ ላይ የተጻፈልን ሃያ ደቂቃ ነበር። «ከ3፡00 እስከ 3፡20 ሙዚቃዊ ዝግጅት» ይላል። ከሥሩ «የክብር እንግዳው መግባት»፣ ከዚያ «ንግግር»፣ ከዚያ «ሪባን መቁረጥ»። ስለዚህች ሃያ ደቂቃ አዘጋጅ ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ስብሰባ ተቀምጧል አሉ። አንዱ ወገን ሙዚቃ ከሠላሳ ደቂቃ ካነሰ ምረቃ አይመስልም ሲል፣ ሌላው ከዐሥራ አምስት ከበለጠ ጭፈራ ቤት ይመስላል ብሎ ተከራክሮ፣ በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ ሃያ ተባለ። እንግዳው በስንት ሰዓት እንደሚመጡ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። የክብር እንግዳ ሰዓት አይጠየቅም።

የሚመረቀው የሕዝብ ሽንት ቤት ነው። እንዳትስቁ። ካዛንቺስ ውስጥ አዲሱ መንገድ ዳር የተሠራ፣ ስምንት ክፍል ያለው፣ እኔ ከተከራየሁት ቤት በብዙ የሚበልጥ ሽንት ቤት ነው። በሩ ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል። ከሪባኑ ፊት ነጭ ድንኳን ተተክሎ ሁለት መቶ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ከድንኳኑ ጥግ ደግሞ እኛ አለን።

እኛ አራት ነን። ሳክስፎን የሚነፉት ጋሽ ገብረዋህድ የባንዱ አለቃ ናቸው፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ቢፍቱ ትዘፍናለች፤ ኢዘዲን ድራም ይመታል፤ እኔ ሙስዐብ ኪቦርድ ላይ ነኝ። ብዙ አላወራም። ላንቻ አንድ ክፍል ይዤ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ዐሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ሥራዬ ሌላ ሰው የሚጨፍርበትን መጫወት ሆኗል። ለራሴ ግን አንዲት ዜማ አለችኝ። ግጥም የላትም። ርዝመቷ ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤ ምክንያቱም የካዛንቺሱ ቤታችን ሳይፈርስ፣ ከበራችን ተነሥቼ ባምቢስ ሱፐርማርኬት እስክደርስ የሚፈጅብኝ ዘጠኝ ደቂቃ ነበር። ዜማዋ በቆርቆሮ በራችን ትጀምራለች፤ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቁልቁለቱን ትወርዳለች፤ አምስተኛው ላይ ልብስ ሰፊው ቤት ደጃፍ ትንሽ ትቆማለች። ግማሹን መጫወት ማለት መንገድ መሃል ተገትሮ መቅረት ማለት ነው። መንገዱ ደግሞ አሁን የለም። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ሰው ሙሉዋን አልሰማትም ነበር።

«ዘጠኝ ደቂቃ?» ይሉኛል ጋሽ ገብረዋህድ ባነሣሁባቸው ቁጥር። «ሙስዬ፣ ሰው ዘጠኝ ደቂቃ ዝም ብሎ የሚቀመጠው የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ብቻ ነው።»

የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ዕቃ ስናወርድ ልባቸው ራራ መሰለኝ።

«እሺ፣ ዛሬ ትጫወታታለህ። እንግዳው ሲዘገይ።»

«ካልዘገየስ ጋሼ?»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ልክ 3፡00 ጀመርን። 3፡20 ሲሆን አቶ መዝገቡ ማይክሮፎናቸውን እንደያዙ እየተጣደፉ መጡ። የኮሚቴው ሰብሳቢም የመድረኩ መሪም እሳቸው ናቸው፤ ማይኩን ከጠዋት ጀምሮ ከእጃቸው አልለዩትም፤ በልተውበታል ቢባል አምናለሁ።

«ቀጥሉ ቀጥሉ! መስቀል አደባባይ ደርሰዋል።»

አራት ሰዓት ላይ ጠየቅናቸው። «መስቀል አደባባይ ናቸው።» አራት ከአርባ ላይ ጠየቅናቸው። «መስቀል አደባባይ ናቸው፤ ግን አሁን እየመጡ ነው።»

«ሩጫ ነው እንዴ የሄዱት?» አለ ኢዘዲን።

«ቀልድህን ለሠርግ አቆየው!»

«አቶ መዝገቡ፣ ለዐሥር ደቂቃ እንኳ አየር እንውሰድ» አሉ ጋሽ ገብረዋህድ፤ ከንፈራቸው አብጧል።

«በፍጹም! እንግዳው እስኪገባ ሙዚቃ አይቋረጥ! ባለፈው ሌላ ሰፈር ምን እንደሆነ አልሰሙም? ባንዱ ውሃ ልጠጣ ብሎ አቆመ፤ ሕዝቡ አለቀ ብሎ ሄደ። እንግዳው ሲመጡ የተቀበላቸው ወንበር ነው። ወንበር!»

እኛ ያለን ሰባት ዘፈን ነው፤ አምስቱ የሠርግ ናቸው። አምስት ሰዓት ላይ አራተኛ ዙር ገባን። ቢፍቱ ራሷ ስለሰለቻት «ሙሽራዬ» የሚለውን እያነሣች «ልማታችን» ማለት ጀመረች። ልማታችን አበባ ሆና፣ ልማታችን ከእናቷ ቤት ስትወጣ፣ ልማታችን እያለቀሰች። ማንም ልብ አላለም። እንዲያውም አቶ መዝገቡ አውራ ጣታቸውን አሳዩዋት።

ችግሩ የመጣው ከውሃው ነው። ኮሚቴው ሕዝቡን ለመያዝ የታሸገ ውሃ እንደ ጉድ ያድላል። ሰው ደግሞ ነጻ ነገር አይመልስም፤ ይጠጣል። እኔም አራት ጠርሙስ ጨርሻለሁ። ሁለት መቶ ሰው ውሃ ጠጥቶ፣ በከተማው አለ የተባለ ሽንት ቤት ፊት ለፊት፣ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት እማማ አልጋነሽ ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት።

«አቶ መዝገቡ፣ ሽንት እኮ የክብር እንግዳ አያውቅም።»

«እማማ፣ ትንሽ ይታገሡ። መጀመሪያ የሚጠቀሙት እሳቸው ናቸው። ማለቴ፣ የሚከፍቱት።»

«እኔ በዚያች ክር ሥር ጎንበስ ብዬ ባልፍ ምን ይሆናል?»

«ሳይመረቅ?!» አሉ አቶ መዝገቡ፣ ቤተ መቅደስ በጫማ ልግባ እንደተባለ ሰው።

ከባንዱ መጀመሪያ የወደቀው ኢዘዲን ነው። ድራም ከሥር በእግር የሚመታ ነገር አለው፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው የሚመከር አይደለም። ዱላውን አስቀመጠና «በቃ፣ ብራዘር፣ ወይ ባምቢስ ወይ ሞት» ብሎኝ ሄደ። ቅርብ የሚባለው ሽንት ቤት ባምቢስ ጋ ያለ ካፌ ውስጥ ነበር። ቀጥሎ ቢፍቱ «ድምፄ ሄደ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ደህና ነበር፤ እሷም ሄደች። ጋሽ ገብረዋህድ ከእኔ ጋር ግማሽ ዘፈን ያህል ታገሉ። ከዚያ ሳክስፎኑን ቀስ አድርገው ወንበር ላይ አስተኙት።

«ይኸው ዘገየልህ። ተጫወታት። ግን ሰው መሄድ ከጀመረ ወዲያው ወደ ሠርግ ዝለል። ቃል?»

«ቃል።»

ጉልበታቸውን አጣብቀው፣ በትንንሽ እርምጃ ሄዱ።

ብቻዬን ቀረሁ። ሰዓቴ 5፡50 ይላል። ቆርቆሮ በራችንን ከፈትኩ።

አንደኛው ደቂቃ ላይ ሰው ያወራል፤ ስልክ ይጮኻል። ሁለተኛው ላይ ወሬው ቀነሰ። ሦስተኛው ላይ ቁልቁለቱን ስጀምር፣ ከሁለተኛው ረድፍ አቶ አረጋዊ ብድግ አሉ። አቶ አረጋዊን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ሃያ ሁለት ዓመት የዕድር ዳኛ የነበሩ፣ የቀበሩትን ሰው ቁጥር ራሳቸው የማያውቁት ሽማግሌ ናቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አንገታቸውን ደፉ። አጠገባቸው ያለው ሰው አያቸውና ተነሣ። ከኋላ ያሉት ተነሡ። ወንበሩ ሁሉ ኳ ኳ እያለ ድንኳኑ በሙሉ ቆመ።

ለዜማዬ የተነሡ መሰለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለሠላሳ ሴኮንድ ያህል እንደዚያ ነው ያመንኩት። እንዲያውም ፊቴን ትሑት ለማስመሰል ሞከርኩ። ከዚያ ግን አንድም ሰው ወደ እኔ እንደማያይ አስተዋልኩ። ሁሉም መሬት መሬት ነው የሚያየው። እማማ አልጋነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አንዱ ስልኩ ሲጠራበት ሌላው በክርኑ ጎሸመውና «የህሊና ጸሎት ላይ ነን!» አለው።

ለካ እንደዚያ ነው። ድንኳን ተተክሎ፣ ዝግ ያለ ሙዚቃ ተሰምቶ፣ የዕድር ዳኛ ባርኔጣውን ካወለቀ፣ በዚህ አገር የሚቀመጥ ሰው የለም።

አቶ መዝገቡ ፕሮግራሙን አወጡ። ፊቱን አዩት፤ ገልብጠው ጀርባውን አዩት። የህሊና ጸሎት የሚል የለም። ግን ሁለት መቶ ሰው ለሙታን ቆሞ ሰብሳቢው «ተቀመጡ፣ ፕሮግራም ላይ የለም» ሊል ነው? ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና እሳቸውም አንገታቸውን ደፉ።

ጥቁሩ መኪና የመጣው ይኼኔ ነው።

በሩ ተከፈተ። የክብር እንግዳው ፈገግ ብለው፣ እጃቸውን ለሰላምታ ከፍ አድርገው ወረዱ። እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ሕዝቡን አዩ፤ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ፤ ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁ። አጃቢዎቻቸውም አወለቁ። ቀስ ብለው አቶ መዝገቡ ጎን መጥተው ቆሙና በሹክሹክታ ጠየቁ። የአቶ መዝገቡ ማይክ ግን ክፍት ነበርና ሹክሹክታው በሁለቱም ስፒከር ወጣ።

«ማነው?»

«እ… ብዙ ናቸው፣ ክቡርነትዎ።»

«በአደጋ?»

«በ… በተለያየ ጊዜ።»

ከሴቶቹ አንዷ «እኔን!» አለች።

እኔ ልብስ ሰፊው ቤት ደጃፍ ደርሻለሁ። አቶ መዝገቡ ማይኩን አጥፍተው፣ በጎን እየተንሸራተቱ አጠገቤ መጡ። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም።

«ስንት ቀረህ?»

«አራት ደቂቃ።»

«አብደሃል? የህሊና ጸሎት አንድ ደቂቃ ነው!»

«የህሊና ጸሎት አይደለም እኮ፣ አቶ መዝገቡ። የራሴ…»

«ዝም በል! ነው!»

እኔ ከሰው ጋር የምከራከር ልጅ አይደለሁም። ታክሲ ላይ ወራጅ ለማለት አፍሬ ሁለት ፌርማታ አልፌ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። ግን አየሁት። እኔ ካላቆምኩ የሚቀመጥ የለም። ካቆምኩ ደግሞ ይቺን መንገድ እስከ ጫፏ የሚሄድልኝ ሰው ዳግመኛ አላገኝም።

«እንግዲያው ገመዱን ይንቀሉት» አልኳቸው።

ገመዱን አዩት። አንገታቸውን የደፉትን እንግዳ አዩ። የሙታንን ጸሎት በሕዝብ ፊት ከሶኬት የነቀለ ሰው ተብሎ መታወቅ ምን እንደሚያስከትል ሲያስሉ ግንባራቸው ላይ ይታያል። ላባቸውን ጠርገው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ስድስተኛው ደቂቃ። ሰባተኛው። እንዲህ ያለ ጸጥታ ካዛንቺስ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ሕዝቡ ግን መወዛወዝ ጀምሯል፤ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው፣ እንደ ሐዘንተኛ። የክብር እንግዳውም ይወዛወዛሉ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል መኪና ውስጥ ተቀምጠው እሳቸውም ውሃ ሳይጠጡ አልቀሩም። ከሩቅ ለሚያየን ሐዘናችን ከባድ ነው።

ስምንተኛው ደቂቃ ላይ የእኔም አራት ጠርሙስ ተነሣ። እስከዚያ የት እንደነበረ እንጃ። የዜማዋ መጨረሻ ቀስ ብላ የምትሄድበት ነው፤ ባምቢስ ከመድረሴ በፊት ሁልጊዜ እርምጃዬን አዘገይ ነበር። ጣቶቼ ግን አልሰሙኝም። ደረስኩ፤ ጨረስኩ፤ እጄን አነሣሁ።

ማንም አላጨበጨበም። ሐዘን ላይ አይጨበጨብም።

የክብር እንግዳው ማይኩን ወሰዱ። ረዳታቸው ወፍራም የንግግር ወረቀት ዘረጋላቸው፤ በእጃቸው መለሱት።

«በሐዘን ላይ ንግግር አይበዛም» አሉና በፈጣን እርምጃ ወደ ሪባኑ ሄዱ። መቀሱን ከሳሕኑ ላይ ራሳቸው አነሡ፤ ቆረጡ፤ ገቡ፤ በሩን ዘጉ።

አቶ መዝገቡ ፎቶ አንሺው ገና የካሜራውን ሌንስ እያስተካከለ እያለ «በይፋ ተመረቀ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሥነ ሥርዓት ማለት ይከብዳል። ወንበር ተገለበጠ። ለወንድ ለሴት ብሎ የሚለይ አልነበረም። እኔ ኪቦርዴን እንኳ ሳላጠፋ ሮጬ ሠላሳኛ አካባቢ ተሰለፍኩ።

ጋሽ ገብረዋህድ ከባምቢስ ቀለል ብሏቸው ሲመለሱ ሰልፉ ውስጥ አገኙኝ።

«ጨረስካት?»

«ጨረስኳት።»

«ሰው አልሄደም?»

«አንድም ሰው። ቆመው ነው የሰሙኝ።»

«ሂድ!» አሉኝ። አላመኑኝም፤ እየሳቁ ሳክስፎናቸውን ሊያነሡ ሄዱ።

ከፊቴ የተሰለፉት እማማ አልጋነሽ ዘወር አሉ። ዓይናቸው አሁንም ቀልቷል።

«አንተ ነህ እንዴ ያን የመታኸው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም።»

«ውይ! ታዲያ ያን ሁሉ ያስለቀሰኝ ምንድነው?»

«የድሮ ሰፈራችን መንገድ ነች» አልኳቸው። ሰልፉ አንድ እርምጃ ተጠጋ።

«መንገዷስ ደግ ነበረች» አሉ። «መጨረሻዋ ላይ ግን ሮጥክ። ልደርስ ስል ጥለኸኝ ሄድክ።»

ከሁለት መቶ ሰው መሃል አንድ ሰው ሰምቶኝ ነበር፤ እሳቸውም ያሉት ይኼንኑ ነው። ጆሮዬ ድረስ ፊቴ ጋለ። ምክንያቱን ልነግራቸው አፈርኩ፤ ግን እግሬ አንድ ቦታ አልቆም ስላለኝ አዩት፤ ገባቸው።

ተራቸው ደረሰ። ነጠላቸውን ሰበሰብ አድርገው በሩን ያዙ።

«ሁለተኛ ስትጫወት» አሉኝ፣ «መጀመሪያ ሸንተህ ና።»

ገቡና ቆለፉት።