የአያሌው አበልጅ

አትላስ አጠገብ ባለው ሲኒማ ቤት ፊልሙ ሲመረቅ ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። የእኔንና የአያሌውን የመኪና ውድድር ይተርካል ተብሎ እኮ ነው። ከቡልቡላ ብቻዬን በታክሲ መጥቼ ጉዴን አየሁ።

ፊልሙ ላይ እኔ ዑቕባይ ክፉ ሰው ነኝ። አያሌውን በመኪናዬ ገፍቼ ገደል አፋፍ አደርሰዋለሁ፤ ከውድድር ውጭም ሰላምታ የለንም። እግዜር ይይላቸው! እውነቱ መሽቀዳደማችን ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ማንም ለማንም አያሳልፍም ነበር። አመሻሹ ላይ ግን ከአንድ ትሪ ነበር የምንቆርሰው። ልጁን በረከትን ክርስትና ያነሳሁትም እኔ ነኝ።

ይህን ለዳይሬክተሩ ነግሬው ነበር። «ፋዘር፣ አበልጅ ከአበልጁ ሲሽቀዳደም ማን ከፍሎ ያያል?» አለኝ፤ ባለጌ!

መብራቱ ሲበራ አንድ ጎልማሳ በሩ ጋ ቆሞ አየሁ። ቁርጥ አባቱን! አያሌው የሞተ ዓመት ሚስቱ ሕፃኑን ይዛ ጎንደር ከገባች ወዲህ በረከትን አይቼው አላውቅም። የክርስትናው ቀን አቅፌው የተነሳሁት ፎቶ ግን ዛሬም ኮንዶሚኒየሜ ግድግዳ ላይ አለ፤ እዚያ ቤት ሌላ የማናግረው የለኝም።

ሰዉን እየገፋሁ ደረስኩበት።

«በረከት! የክርስትና አባትህ እኮ ነኝ፤ ዑቕባይ!»

እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«አባቴን ገና ዛሬ አየሁት» አለኝ፤ «እርስዎንም አየሁዎት።»