ፋንቱ ለፖሊሱ የመለሰችው

ያዕቆብ በዚያ ቀን በፍጥነት መንዳቱን በልቡ አልካደም። ሃምሳ ኪሎ ሜትር በተፈቀደበት መንገድ ላይ በሰማንያ ስድስት ሲነዳ መያዙን የክስ ወረቀቱ ይናገራል፤ እርሱም ያውቀዋል። በናይሮቢ የሀብታሞች ሰፈር በሩንዳ ተቀጥሮ የሰው መኪና ሲነዳ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያ ነድቶ አያውቅም። ዕለቱ እሑድ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ ፔጆ ተውሶ ከሰፈራቸው ከኢምባካሲ ወደ ከተማው ሆስፒታል ሲገሠግሥ፣ ሚስቱ ፋንቱ በኋላው ወንበር ላይ ደረቷን ይዛ ተጋድማ ነበር።

የፍጥነት መለኪያ የያዘ ፖሊስ አስቆመው። ያዕቆብ በዚያች በመንገድ ላይ በለቀማት እንግሊዝኛ፣ "ሚስቴ ታማለች፤ ሆስፒታል እየወሰድኳት ነው" አለ። ፖሊሱ ይህን ሰበብ በቀን አሥር ጊዜ የሚሰማ ሰው ይመስል ነበር። መንጃ ፈቃዱን ተቀበለ፤ ራቅ ብሎ ከባልደረባው ዘንድ እንዲቆም አዘዘውና ብቻውን ወደ ፔጆው ሄደ። በኋላው መስኮት ጎንበስ ብሎ ፋንቱን አንድ ነገር ጠየቃት። ያዕቆብ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ቃሉ ግን አልደረሰውም። ፖሊሱ ቀና አለ፤ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ከዚያም ሳይቸኩል ጎማውን፣ መብራቱን፣ የኢንሹራንሱን ወረቀት ተራ በተራ መረመረ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ። ጉዞ ሲቀጥሉ ፋንቱ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱም አልገለጠችውም።

በ1996 በናይሮቢ የትራፊክ ችሎት የሚቀርብ ሰው ልማዱ አንድ ነው። ስሙ ሲጠራ ጥፋተኛ ነኝ ይላል፤ ቅጣቱን ከፍሎ ከምሳ በፊት ወደ ሥራው ይመለሳል። ያዕቆብ ግን ጥፋተኛ አይደለሁም አለ፤ ማስረጃ ይቅረብልኝ ብሎም በጽሑፍ አመለከተ። የመለኪያውን ትክክለኛነት አልጠየቀም። የጠየቀው ፖሊሱ በዚያ ቀን የጻፈበትን የደብተር ገጽ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ይገዙ ሊያጽናናው መጥቶ፣ "ወንድም ያዕቆብ፣ ከመንግሥት ጋር ልትፋረድ ነው? ያውም በእኛ ፔጆ!" አለው።

"ፔጆው ምን አደረገ?"

"እሱ ሰማንያ ስድስት ሄዶ ያውቃል እንዴ! በዚህ ብትከራከር ምእመኑ በሙሉ ይመሰክርልህ ነበር።"

ያዕቆብ ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ልጁ ሚልካ በሦስተኛው ቀጠሮ ጠዋት በችሎቱ ደጃፍ ላይ ክንዱን ያዘችው። "አባዬ፣ ፕሊስ፣ ጊልቲ በልና ይለቅ። እማዬን ስንት ጊዜ ነው የምቀብራት?"

"እናትሽ ፖሊሱን ለምናዋለች። ከንፈሯን በዓይኔ አይቻለሁ። ምን ብላ እንደለመነችው፣ እንዴትስ እንደጨከነባት በዳኛ ፊት ይነበብ። ከዚያ በኋላ ያሉኝን እሆናለሁ።"

ችሎቱ የአማርኛ አስተርጓሚ ስላልነበረው ሚልካ እንድትተረጉም ተፈቀደላት። ፖሊሱ ጥጉ የተበላ ደብተሩን ገልጦ በእንግሊዝኛ ያነብ ጀመር፤ ሚልካ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትከተለው ነበር።

"'ሹፌሩ ሚስቱ እንደታመመች ተናገረ። እውነት መሆኑን ለማወቅ ሴትዮዋን በስዋሂሊ፣ እናቴ፣ እንዴት ነሽ ብዬ ጠየቅኋት። እሷም…'"

ሚልካ መተርጎሟን አቋረጠች።

"ቀጥዪ" አላት ያዕቆብ።

"'ንዙሪ፣ ቧና አሲፊዌ ብላ መለሰች።'"

ይህ ትርጉም አላስፈለገውም። ፋንቱ በአትክልት ገበያው ከሴቶቹ ጋር በየቀኑ ስትለዋወጠው ሰምቷል። ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን።

"'ስለዚህ ሹፌሩ እንደዋሸ አምኜ መኪናውን በሙሉ መረመርኩ'" ብላ ሚልካ ጨረሰች። ድምፅዋ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል።

ያዕቆብ የተከሳሹን ሳጥን እንጨት ያዘ። ይህን መልስ ያውቀዋል። ከቀብሩ ወዲህ ሊያጽናኑት ለመጡት ሁሉ እርሱም የመለሰው ይህንኑ ነው። በአገራቸው ልማድ ሕመም የሚነገረው በሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ጠያቂው እንደገና፣ ከዚያም እንደገና፣ ኧረ እንዴት ነሽ ሲል። ፖሊሱ የጠየቃት አንድ ጊዜ ነው።

ዳኛዋ ለምስክሩ ጥያቄ እንዳለው ጠየቁት። ለብዙ ሌሊት ሲያሰናዳው የቆየው የክስ ቃል ሁሉ ጠፋበት።

"ስትመልስልህ ፈገግ ብላ ነበር?"

ፖሊሱ ጥያቄው ሲተረጎምለት ደብተሩን ዘጋ። ገና ወጣት ነበር። "አዎ" አለ። "እኔንም፣ ልጄ፣ አንተስ እንዴት ዋልክ ብላኛለች። እሱን አልጻፍኩትም።"

ያዕቆብ እጁን ከእንጨቱ አነሣ። ከዚያ፣ "ጥፋተኛ ነኝ" አለ፤ ሚልካም ተረጎመችው።

ዳኛዋ ብዕራቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት፤ መነጽራቸውንም አወለቁ። በእንግሊዝኛ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ።

"ደህና ነህ ወይ ይሉሃል" አለች ሚልካ።

ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን የሚለው መልስ ሳይጠራ ወደ አፉ መጣ። ያዕቆብ ከንፈሩን ገጥሞ ዋጠው።

"አይደለሁም በያቸው።"

"አባዬ…"

"አይደለሁም። እንዳልኩሽ ንገሪያቸው።"