የቀረችው መካኒክ

«ትንንሽ ባትሪ ይኖርሃል?» አለችው።

ሊፍት ጠጋኙ ሊያጽናናት ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ከሟቹ ባሏ ጋር ዕድሜውን አብሮ የሠራ ሰው ነው፤ አንዱ ከላይ ሞተር ክፍል፣ አንዱ ከታች በሩ ሥር ሆነው ሲጯጯሁ ነው የኖሩት። ብዙ ለቅሶ ቤት ገብቶ ያውቃል። ባትሪ የጠየቀችው ሐዘንተኛ ግን እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

«ለሬዲዮ ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለጌሙ።»

«እ፣ ለጌሙ። ነገ ይዤልሽ እመጣለሁ። አሁን ኪሴ ውስጥ ያለው መፍቻ ብቻ ነው።»

ከጎኗ የተቀመጡት የባሏ ታላቅ እህት ሰምተዋል። እትዬን እንኳን ሹክሹክታ፣ ያልተነገረም አያመልጣቸውም። የሻይ ፔርሙሱን መሬት አስቀምጠው ወደ ጆሮዋ ተጠጉ። «የኔ ልጅ፣ ሰው ምን ይላል? አፈሩ ሳይደርቅ ጌም ይዛ ተቀመጠች አይሉሽም?»

«ይበሉኛ፣ እትዬ።»

«ተይ እንጂ። ከሆስፒታል የመጣውን ሻንጣ ስፈታ እኔው ነኝ ቁምሳጥን ውስጥ የከተትኩት። እንግዳው ይውጣና ያኔ እንደፈለግሽ ታደርጊዋለሽ።»

መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ማለቂያ የሌለው ስፌት ላይ የዋለ ሰው ትዕግሥት አያጣም። ይሄኛው ትዕግሥት ግን እያለቀባት ነበር። እንግዳው አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ሁሉም «ጥሩ ሰው ነበር» ይላሉ። ነበር። እሷ የፈለገችው ግን ስለ ጥሩነቱ አልነበረም። አንዲት ነገር ማወቅ ነበር የፈለገችው፤ መልሱ ደግሞ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ ባትሪው አልቆ።

ነገሩ ከፊልሙ ነው የሚጀምረው። ገና እንደተጋቡ ሲኒማ ቤት ገብተው ያዩት ፊልም ነበር። አንድ አብራሪና አንዲት መካኒክ በመንኮራኩር ከዋክብት መሀል ይሄዳሉ። መንኮራኩሯ ትበላሻለች፤ መካኒኳ ልትጠግን ሞተር ክፍል ስትገባ በሩ ይዘጋባታል። አብራሪው በሩን ቢታገል ቢታገል እምቢ ይለዋል። በመጨረሻ አየሩ ሊያልቅ ሲል ሞተር ክፍሉን ከመንኮራኩሯ ቆርጦ፣ እያለቀሰ ትቷት ይሄዳል። ሲኒማ ቤቱ በሙሉ አብሮት አለቀሰ፤ እሷም መሀረቧን አራሰች። ባሏ ግን ተናደደ።

«ሰው ውስጥ እያለ ትቶ ይሄዳል እንዴ?» አለ መንገድ ላይ።

«ፊልም እኮ ነው።»

«ፊልምስ ቢሆን! አንድ መላ ይጠፋል?»

እሷ ሳቀችበት። ሰው ግን በሥራው ነው የሚያስበው፤ የሱ ሥራ ደግሞ በር የተዘጋበትን ሰው ማውጣት ነበር። ሊፍት መሀል መንገድ ላይ ሲቆም ይጠራል። በሩ ሥር ተንበርክኮ መጀመሪያ ውስጥ ያለውን ሰው ያናግራል፤ «ምሳ ምን በላህ?» ይለዋል፣ «የበላኸውን ሳትነግረኝ አላወጣህም» ይለዋል። ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው መልስ የሚሰጠው ካገኘ አይፈራም ባይ ነው። አንዴ አንዲት ሴትዮ ስለ ምሳዋ እያወራች በሩ ሲከፈት «ቆይ ልጨርስልህ» ብላዋለች፤ ይህቺን ወሬ ለስንት ሰው እንዳወራት አይታወቅም።

ከዓመታት በኋላ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ጌሙን ይዞ መጣ። በእጅ የሚያዝ፣ የጫማ ሶል የሚያህል ነገር ነው። ውስጡ ያ ፊልም አለ፤ ያው መንኮራኩር፣ ያችው መካኒክ፣ ያው በር። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ እሷ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች፣ እሱ ሶፋው ላይ ጣቶቹን ያስሮጣል። ሲያልቅ መንኮራኩሯ ውስጥ ሁለት ወንበር ይታያል፤ አንዱ ላይ አብራሪው ተቀምጧል፣ ሌላው ባዶ ነው።

«ዛሬም ቀረች» ይላል።

«ነገ ትወጣለች» ትለዋለች፣ ቀና ሳትል።

ለሱ ነገ መቼም አያልቅም።

በማግስቱ ከሰዓት ሊፍት ጠጋኙ ቃሉን ጠብቆ መጣ። ባትሪዎቹን በሚጨብጣት እጁ ውስጥ ደብቆ እንደ ጉቦ አቀበላትና አጠገቧ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «መካኒኳ ትወጣለች?»

ገባው። ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። «እኛ ሁላችንም ሞክረነዋል። የሥራ ቦታ ይዞት መጥቶ ያልነካው ሰው የለም። ጌሙ እኮ ከፊልሙ ነው የተሠራው፤ ፊልሙ ላይ ከቀረች ቀረች ነው። እሱ ነው እንጂ እሺ ያላለው።»

«ሆስፒታል ሳለ አወጣኋት ብሎኛል።»

ሊፍት ጠጋኙ ጫማውን አየ። እትዬ ከወዲያ ሆነው «ትኩሳቱ ነው» አሉ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «አባታችንም ሊሞት ሲል በሬ ግዙልኝ ብሎናል። ልብሽን አታድክሚ።»

ልቧን ያደከማት ግን ይሄው ነበር። በመጨረሻዋ ሌሊት ከአልጋው አጠገብ እንቅልፍ አጥታ ወንበር ላይ አድራ ነበር። ጠዋት እሱ ጌሙን ደረቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ገለጠና «አወጣኋት» አላት። «የመንኮራኩሯን መብራት በሙሉ አጥፍቼ፣ ኃይሉን ለበሩ ሰጥቼ።» እሷ ደግሞ «እሺ፣ እሺ፣ ተኛ» አለችው። እንዴት አደረግከው አላለችም። ብርድ ልብሱን ሳበችለትና ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። ከዚያ በኋላ የሚሰማ ነገር አልተናገረም።

እውነቱን ከሆነ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እሱ ራሱ ነበር ማለት ነው፤ ደስ ብሎት ነበር፣ ለሷም ሊነግራት ፈልጎ ነበር። እውነቱን ካልሆነ፣ አእምሮው ቀድሞ ሄዷል፤ እሷም ሌሊቱን ሙሉ እጁን ይዛ ያወራችው ከማንም ጋር አልነበረም። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ጌሙ ሲከፈት መጨረሻ የተቀመጠውን ሥዕል ያሳያል፤ ወንበሩን አይታ ትፈርዳለች።

እትዬ እንግዳ ሊሸኙ ሲነሱ እሷም ተነሳች። መኝታ ቤት ገብታ ቁምሳጥኑን ከፈተች። ሻንጣው አለ፣ ፎጣው አለ፣ ነጠላ ጫማው አለ። ጌሙ የለም። አንሶላዎቹን አንድ በአንድ አራገፈች። የለም።

በጓሮ በር ወጣች። ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ከተቆለሉት የኪራይ ወንበሮች ጀርባ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከመቀመጥ እስከ መነሳት ሰዓት የሚፈጅበት ስለሆነ አገሩ በሙሉ ፈጣኑ ይለዋል። ዛሬ ግን ሲያያት ብድግ አለ። ጌሙ በሁለት እጁ ውስጥ ነው፣ በርቷል።

«አንተ ነህ የወሰድከው?»

«ድምፁን ልሰማው ብዬ ነው፣ እህቴ። ቤታችሁ ስመጣ ሁሌ የሚሰማኝ ቲው ቲው የሚለውን። ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሰዓት ባትሪውን አወጣሁና...» ምራቁን ዋጠ። «አጥፍቼዋለሁ መሰለኝ። የሱን።»

«ምን ማለት ነው?»

«ስከፍተው ጨለማ ሆነብኝ። የተበላሸ መሰለኝ። ነካ ነካ ሳደርገው አዲስ ጀምር የሚል መጣ፣ ተጫንኩት። በኋላ ነው የገባኝ፣ ለካ ይሄ ነገር የሚይዘው የአንድ ሰው ጨዋታ ብቻ ነው። የሱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማጥፋት ፈርቼ ይዤው ቁጭ ብያለሁ።»

ግድግዳውን ተደገፈች። አንድ የቀራት ነገር ይሄ ነበር፣ እሱም በዳቦ ጋጋሪ ጣት ጠፋ።

«ምን ነካህ አንተ» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «እኔ አንዴ ላየው ነበር እኮ። አንዴ።»

«ምን ልታዪ? ምንም የሚታይ ነገር አልነበረውም። ጭልምልም ያለ ነው፤ መብራቱ ሁሉ የጠፋ። ሰዎቹም በግድ ነው የሚታዩት።»

ቀና አለች።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ናቸዋ።»

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት።» ምን እንዳጠፋ ደግሞ ሳይገባው ፊቷን ፊቷን ያያል። «አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት። እሷ መፍቻ ይዛለች። ምነው?»

«ፊልሙን አይተኸዋል?»

«እኔ? ሲኒማ? ጨለማ ቤት አስገብተውኝ ከእንቅልፍ ሌላ ምን አያለሁ።»

«ወንድምህ ነግሮሃል? ስለ መብራቱ፣ ስለ ሴትዮዋ?»

«ለኔ ስለ ጌም? ዱቄት አቡካ ነው የሚለኝ።»

እውነቱን ነው። ፈጣኑ ሊዋሽ ቢፈልግ እንኳ እስኪያስበው ይመሻል። ባልዲው ላይ ተቀመጠችና ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ፤ ሰው እያየ ካለቀሰችው ሁሉ የተለየ ለቅሶ ነበር፤ ደስ ብሏት ነው ያለቀሰችው። አልቃዠም። ራሱ ነበር። መካኒኳን አውጥቶ፣ ሚስቱን ጠብቆ፣ ነገራት። እሺ ተኛ ማለቷ አሁንም ያማል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሊያማት ይችላል። ግን የነገራት ለሷ ነው፣ ሰምታዋለችም።

ፈጣኑ ግራ ገብቶት ቆሟል። «ይቅር በይኝ። ምን ላድርግ?»

«የቱ ጋ ደረስክ?»

«መጀመሪያው በር ጋ። ከዚያ ወዲያ አላውቅበትም። አሁን ደግሞ ጥጉ ላይ ቀይ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል።»

«ባትሪው እያለቀ ነው። አዲስ አለኝ፣ ለመቀየር ግን መጥፋት አለበት። ሳታስቀምጥ ከጠፋ ያንተም ይሄዳል።»

ከቤት ውስጥ እትዬ ይጣራሉ፤ ሌላ እንግዳ መጥቷል። «መጣሁ» አለች፤ አልተነሳችም። ፈጣኑን በእጅጌው ስባ አጠገቧ እንዲንበረከክ አደረገችው። አውራ ጣቱን ያዘች። ሰፊ ነው፣ ጥፍሩ ከሥሩ የተቆረጠ፤ የወንድሙ ጣት ነው።

«ይሄኛው ነው ማስቀመጫው» አለችና ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጋ በራሷ ጣት ተጫነችው። ጌሙ ቲው አለ፤ «ተቀምጧል» የሚለው ጽሑፍ መጥቶ ሄደ። እሷ ግን ጣቱን አልለቀቀችም።