ሬሳ ወረፋ አይጠብቅም

«ሦስት ሰዓት ሙሉ ወረፋ ላይ ነበርሁ አለች?»

«እንዲያ ነው ያለች።»

«ምነው፣ ወረፋው እስከ መካ ይደርስ ነበር እንዴ?»

ሁለቱ ሴቶች ሳቃቸውን በሻሻቸው ጫፍ አፈኑት። ለቅሶ ቤት የሚሳቅ ሳቅ አጭር ነው፤ ግን ይሰማል። ፈህሚያም ሰምታዋለች። ከግድግዳው ሥር፣ ፍራሹ ላይ፣ ጉልበቷን አቅፋ እንደ ተቀመጠች አንገቷን እንኳ አላዞረችም። ዐሥራ አንድ ዓመት በሰው አገር፣ በሰው ቤት ያገለገለ ሰው ፊት ለፊቱ ሲያሙት እንዳልሰማ መሆንን እንደ ማንኛውም ሙያ ይማረዋል።

ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። እናቷ ሩቅያ የተቀበረችው ረቡዕ ነው። ፈህሚያ ከዐረብ አገር ተነሥታ ጎንደር የገባችው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። በመካከሉ ያለችው አንዲት ቀን ብቻ ናት። አዲስ ዓለም ሰፈር ግን ከዚያች አንድ ቀን ዓመት የሚበቃ ወሬ አወጣባት። «እናቷ ስታጣጥር ሻንጣ ትመርጥ ነበር አሉ» ያለም አለ። «ሬሳ ፈርታ ነው» ያለም አለ። የሩቅያ ልጅ ሬሳ ፈርታ!

ፈህሚያን ያንገበገባት ሐሜቱ አልነበረም። ሐሜት ይለመዳል። እናቷን ማጠብ የነበረባት እሷ ነበረች፤ አላጠበቻትም።

ሩቅያ የሰፈሩ ሬሳ አጣቢ ነበረች። አርባ ዓመት ሙሉ በአዲስ ዓለም ሙስሊም ሴት ስትሞት ከሼሁ በፊት የምትጠራው እሷ ነበረች። ደግ ሴት አልነበረችም፤ የሞተ ሰው ሁሉ ደግ ነበር የሚባለውን ነገር እዚህ ላይ መተው ይሻላል። ምላሷ እንደ ምላጭ ነበር። ልጇ የሞተባትን ሴት «በቃሽ፣ ጩኸትሽ ውሃዬን አደፈረሰብኝ» ብላ ከክፍል ያስወጣች ናት። «ምነው ሩቅያ፣ ትንሽ ብታዝኝላት?» ሲሏት፣ «ሕያው እንባውን ራሱ ይጥረግ። የእኔ ሥራ ራሱን ማጠብ ካልቻለው ጋር ነው» ትል ነበር።

ለሬሳ ግን እጇ ሌላ ነበር። ፈህሚያ ከዐሥራ አራት ዓመቷ ጀምራ ውሃ እያቀበለች አይታለች። ከቀኝ ይጀመራል። መሸፈኛው አይገለጥም፤ በጨርቁ ሥር ነው የሚታጠበው። ቁርቁራ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ውሃ ይቀድማል፣ ካፉር የሚሉት ሽቱ ያለበት ይከተላል። ሩቅያ የሟቿን ፀጉር ስትፈታ፣ እንደሚያማት ሁሉ፣ እየተጠነቀቀች ነበር። ሲጨርሱም በር ላይ ልጇን በጆሮዋ ይዛ አንድ ነገር ትነግራታለች፤ «ያየሽውን እዚሁ ቅበሪው።»

ራሷም የሚቀበር ነገር ነበራት። ፈህሚያ አንድ ቀን ሳታንኳኳ ገብታ እናቷን ልብስ ስትቀይር አገኘቻት። ጀርባዋ ከትከሻ እስከ ወገብ በቀበቶ ጠባሳ ታርሷል። ያን የሠራው የፈህሚያ አባት ነበር፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ስሙን ሲያነሳ «የጀነት ሰው» የሚለው፣ መስጊድ የመጀመሪያው ሰልፍ ላይ የማይታጣው አባቷ። ሩቅያ አላለቀሰችም። ልጇን በጥፊ መታቻት። ከዚያ ቀሚሷን አጥልቃ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «አየሽ አይደል? እንግዲህ የምታጥቢኝ አንቺ ነሽ። የሌላ ሴት እጅ እንዳይነካኝ። አደራ» አለቻት።

አሁን ከጓዳው በር ላይ፣ እናቷን በእሷ ፈንታ ያጠበችው የወንድሟ የሷሊሕ ሚስት ዙሌይካ ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዳች ለአንዲት እንግዳ በሹክሹክታ ታወራለች። ሹክሹክታዋ ቤቱን ይሞላል።

«ጀርባዋን ብታዪው! እኔማ ውሃው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ያ የጀነት ሰው የሚሉት…»

«ወይ ጉድ! እሳቸው?»

«ታዲያ ማን!»

ፈህሚያ ተነሥታ ፊቷ ቆመች። «ዙሌይካ፣ ያጠበ ሰው ያየውን አያወራም።»

ዙሌይካ ብርጭቆውን ሞልታ እስክትጨርስ ቀና አላለችም። «እውነትሽን ነው። አንቺ ብታጥቢያት ይሻል ነበር። ምን ይደረግ፣ አልነበርሽም።»

እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ያን ጀርባ እንደሚያየው ለፈህሚያ ገብቷታል። እናቷ አርባ ዓመት የሌላውን ገመና ስትቀብር ኖራ የራሷ በሦስት ቀን ከሻይ ጋር ተቀዳ። ፈህሚያ ወደ ፍራሹ ተመልሳ ተቀመጠች።

ወለተሩፋኤል፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉት አሮጊት ጎረቤት፣ ጠጋ ብለው እጇን ያዙ። ክርስቲያን ናቸው፤ ከሩቅያ ጋር ሠላሳ ዓመት ተጣልተው ሠላሳ ዓመት ታርቀዋል።

«ተይ ልጄ፣ አትብገኝ። አሟሟቷ ሸጋ ነበር። ጎህ ሲቀድ፣ የሱብሒ አዛን ሲል ነው ያረፈች፤ እኔ ነኝ ዐይኗን የከደንኋት። ደግሞ ጠብቃሻለች። ሷሊሕ ሼሁን ለምኖ፣ እህቴ ትደርሳለች ብሎ፣ ከቀትር አልፎ እስከ ዐስር ሶላት ሳትታጠብ ቆየች።»

ፈህሚያ እጇን ከእጃቸው አወጣች። «እትዬ፣ መቼ አሉኝ?»

«ምኑን?»

«ያረፈችው።»

«ሱብሒ ላይ ነዋ።»

ለእሷ የተነገራት ሌላ ነበር። ቀትር ላይ ድንገት እንደሞተች፣ ፈህሚያ አውሮፕላኑ ካመለጣት ከብዙ ሰዓት በኋላ መሆኑን ነበር የነገሯት። በዚህ ነበር ራሷን ስታጽናና ሌሊቱን ያነጋችው። ባውቅም አልደርስባትም ነበር ብላ።

ከሱብሒ በኋላ ከወረፋው ላይ ደውላለች።

ሷሊሕ ማክሰኞ «እማ ትንሽ ደክማለች፣ ብትመጪ ይሻላል» ብሎ ደውሎላት ነበር። ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ አውሮፕላን ጣቢያ ደረሰች። የፓስፖርት መቆጣጠሪያው አዳራሽ የበዓል ዋዜማ ገበያ ይመስል ነበር። ሃያ መስኮት አለ፤ የተከፈቱት አራት ናቸው። ሰልፉ በገመድ እየታጠፈ ይመላለሳል፤ ሰው ዐሥር እርምጃ ተራምዶ ይዞርና ቅድም ያየውን ፊት መልሶ ያያል። ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ሽማግሌዎች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ጎረምሳ «ወደ ኋላ!» እያለ ይጮኻል። አውሮፕላኑ የሚነሳው በሁለት ሰዓት ነው። ለዐሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲል ሷሊሕ ጋ ደወለች።

«እማስ?»

«ደህና ናት። ሾርባ ቀምሳ ተኛች።»

«ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርግልኝ።»

«ተኝታለች አልሁሽ እኮ! አንቺ ብቻ ነይ።»

ያችን ሾርባ ይዛ ቆመች። ልቧ አረፈ። ሾርባ የቀመሰ ሰው አይሞትም።

አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከመስኮቱ ፊት ተራው የእሷ ሊሆን ሲል፣ ከኋላ የለቅሶ ድምፅ መጣ። አንዲት የወሎ ልጅ በሰው መሐል እየተሹለከለከች ትለምናለች። «እህቴ፣ በአላህ! እናቴ ሞታለች፤ አሁን ደውለው ነገሩኝ። እስክመጣ ሊያቆዩልኝ ነው። አሳልፊኝ!» ቋንቋዋን የማያውቁት ሁሉ እንባዋን አይተው መንገድ ለቀውላታል። የቀረችው ፈህሚያ ናት።

ፈህሚያ ብዙ አላሰበችም። በልጅነቷ ሰፈሩ ውሃ በሳምንት አንዴ ነበር የሚያገኘው። ቦኖው ላይ መቶ ጀሪካን ሲሰለፍ ሩቅያ ሬሳ ልታጥብ ከሆነ ሰልፉን በክርኗ ሰንጥቃ ትገባ ነበር፤ «ሬሳ ወረፋ አይጠብቅም!» እያለች። ማንም ትንፍሽ አይልም። ሬሳ ያለበትን ማስቀደም ለፈህሚያ ትምህርት ሳይሆን አጥንት ነው።

«እለፊ» አለቻት። «የእኔ እናት ትንሽ አሟት ነው።»

የወሎዋ ልጅ አለፈች። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ፓስፖርቷን መታ፣ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ከተተ፣ መብራቱን አጠፋና ተነሥቶ ሄደ። የሥራ ሰዓቱ አልቋል። ከፈህሚያ ጀምሮ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ሌላው ሰልፍ ጅራት ተነዳ። እሷ አለቀሰች፣ ቲኬቷን አሳየች፣ «እናቴ ታማለች» አለች። ጎረምሳው የስንቱ እናት ታመመች ሲባል ሰምቷል። የአውሮፕላኑ በር ሲዘጋ ገና ገመዱ መሐል ነበረች። የሚቀጥለው በማግሥቱ ነው አሏት።

ያቺ የወሎ ልጅ በእሷ ተራ ገብታ የራሷን እናት አጠበች።

ሷሊሕን ጓሮ ጠርታ አቆመችው። ከጁምዓ መመለሱ ነበር፤ ኮፍያውን አላወለቀም።

«እማ የሞተችው መቼ ነው?»

ወዲያና ወዲህ አየ። «ማን ነገረሽ?»

«ስደውልልህ ሞታ ነበር?»

«…ሞታ ነበር።»

«ሾርባ ቀመሰች አልኸኝ።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? በሰው አገር፣ ብቻሽን በቆምሽበት መርዶ ላርዳሽ? ብትወድቂ ማን ያነሳሽ ነበር? አባባ ሲሞት እኔንስ ከመተማ ‹ታሟል› ብለው አይደል ያስመጡኝ? ወጉ ነው። አንቺስ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ብትነግረኝ ተራዬን አልሰጥም ነበር።»

«የምን ተራ?»

ነገረችው። ለማንም አልነገረችም ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ከአፏ የወጣው። ሷሊሕ እየሰማ ግንባሩን አሸ። ሰው ጥፋቱ ሲገባው ወይ ይለሰልሳል ወይ ይከፋል። ሷሊሕ ከፋ።

«እና እኛ ሬሳ አስተኝተን በር በሩን ስናይ፣ አንቺ ለማታውቂያት ሴት ቸር ሆንሽ? ማን ስጪ አለሽ? አደራሽን የበላሽው አንቺ ነሽ፤ በእኔ አታሳብቢ!»

ተናግሮ ሳይጨርስ ስልኩ በእጁ ላይ ጮኸ። ስሙን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። የሁሉም ታናሽ፣ ሙስዓብ ነው። እሱም እዚያው ዐረብ አገር፣ በረሃ ውስጥ ማኪና ይነዳል፤ አሠሪው እስኪለቅቀው ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። እስካሁን የሚያውቀው እናቱ መድከሟን ብቻ ነው። ሷሊሕ «ማንም ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፍ» ብሎ ሰፈሩን አስጠንቅቋል።

«አንቺ አንሺው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያንቺን ቃል ያምናል። ዛሬ ይነሳል፣ ነገ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ቤት አስገብተው ያረዱታል። ደክማለች በይው፣ በቃ።»

ሴቶቹ በር ላይ ተሰብስበዋል። ዙሌይካ ከድንኳኑ የሚመጣው የቁርኣን ድምፅ በስልኩ እንዳይሰማ የጓሮውን በር ገጥማ ቆመች። ለዚህ ለዚህ ሁሉም ብልህ ነው።

«እታለም! ደረስሽ? እኔ ወረፋ ላይ ነኝ፣ አይነቃነቅም። እማስ?»

ከኋላው ያን አዳራሽ ሰማችው። ያንኑ ጩኸት፣ ያንኑ «ወደ ኋላ!» ቀና ስትል ሁሉም እሷን ያያሉ። ዙሌይካ በከንፈሯ ብቻ «ተኝታለች በይው» አለቻት። ቃሉ ፈህሚያ ምላስ ላይ መጣ። ቀላል ነበር። ሾርባውንም ብትጨምርበት ያምናታል።

«ሙስዓብ፣ የምትደገፈው ነገር አለ?»

«ምነው?»

«እማ ሞታለች። ረቡዕ ሱብሒ ላይ። ቀብረናታል። እኔም አልደረስሁባትም።»

ጓሮው ተናወጠ። «ጨካኝ!» አለች ዙሌይካ። «በስልክ? በሰው መሐል?» ሷሊሕ ስልኩን ሊነጥቃት እጁን ሰነዘረ፤ ክንዱን በጥፍሯ ቧጠጠችው፤ ደሙ ወጣ። «አንጀቷ የእናቷ ነው» አለ ከበሩ አንድ ድምፅ። ወለተሩፋኤል እንኳ ፊታቸውን አዞሩባት።

ከስልኩ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ከሞላው ወንድ ይወጣል የማይባል ድምፅ ወጣ። ሰዎች በሌላ ቋንቋ ሲያናግሩት ይሰማታል። ከኋላ ያሉት ይገፉታል።

«እታለም… ሂድ ይሉኛል። እግሬ እምቢ አለኝ።»

«አንድ እርምጃ ሂድ።»

«ሄድሁ።»

«ሌላው ሲሄድ ደግሞ አንድ።»

«እንዳትዘጊብኝ።»

«አልዘጋም።»

የሚያጽናና ነገር አልነገረችውም፤ አታውቅም። እሱ ሲያለቅስ፣ ሰልፉ ትንሽ ሲሄድ፣ ሲቆም፣ እሷ ጓሮው መሬት ላይ ተቀምጣ ሰማችው። ሴቶቹ እየተራገሙ ወደ ቤት ገቡ። ሷሊሕ ክንዱን በመሐረብ ይዞ ትንሽ ቆመና ሄደ። የአጥሩ ጥላ ወደ መሐል ጓሮው መጣ። ክንዷ ሲዝል ስልኩን ከቀኝ ጆሮዋ ወደ ግራው አዛወረችውና «አለሁ» አለችው።